ልጅ፤ ለቅሶ፤ ከበር ጀርባ

ሚጢጢ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ስልክ የሚደውልላት ሰው ሁሉ ግን «ሚጣዬ፣ እስቲ እናትሽን ጥሪልኝ» ይላታል። ሰውየውን ካልፈለገችው «እማዬ የለችም፣ ወጥታለች» ብላ ትዘጋበታለች፤ በዚህ ዘዴ ከስንት ነገረኛ እንዳመለጠች እኔ ምስክር ነኝ። ደልደል ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ድምጿ ብቻ ሰባት ዓመት ላይ ቆሞ ቀርቷል። ስሙን ያወጡላት የቢሮ ጸሐፊዎቹ ናቸው፤ ሳያዩአት በፊት በስልክ ስለሰሟት ነው።

የምንሠራው ለውጭ ፊልሞች ድምፅ በምናለብስበት ስቱዲዮ ነው። የባዕድ አገር ተዋናይ አፉን ይከፍታል፣ የእኛ ሰው ይናገርለታል። ሚጢጢ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የልጆቹን ድርሻ ይዛ ኖራለች። ወንድ ልጅ ሆናለች፣ ሴት ልጅ ሆናለች፣ ቡችላ ሆናለች፣ አንድ ጊዜም ተናጋሪ የጥርስ ብሩሽ ሆናለች። በዚያ የጥርስ ብሩሽ ያደጉት ዛሬ ልጅ ወልደዋል። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ የሚናገሩትን እቀርጻለሁ፣ የተረፈውን እቆርጣለሁ። «መቀስ» ብላ ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም ከዚያ ወዲህ የሚያስታውሰው የለም።

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንላት ብዬ አይደለም፤ እንዲፈርድባትም አይደለም። በነገሩ የእኔም እጅ አለበት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ ሆዴ ግን አልፈጀውም።

የሥራችንን አንድ ጠባይ መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ ተዋናዮች አብረው አይቀረጹም። እያንዳንዱ በተራው ብቻውን ጠባቧ ክፍል ይገባል፤ የሚያየውም የራሱ ንግግር ያለበትን ቁራጭ ብቻ ነው። አንዱ ሰኞ «ና» ብሎ ይጣራል፣ ሌላው «መጣሁ» የሚለው ሐሙስ ነው። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቁት ዳይሬክተሯና እኔ ብቻ ነን። ሚጢጢ የስንቱን ልጅ ሳቅ ስቃ እየወጣች፣ ልጁ መሞቱን የምትሰማው ከወር በኋላ ቤቷ ቴሌቪዥን ስታይ ነበር። በማግስቱ ትመጣና «ምነው ሳትነግሩኝ?» ብላ ትቆጣናለች፤ በዚያ ድምፅ ስትቆጣ ደግሞ ማንም አይፈራትም።

አንድ ነገር ብቻ አትችልም ነበር፤ ማልቀስ። እንደ ልጅ ትስቃለች፣ ትነጫነጫለች፣ ታስነጥሳለች። ለቅሶ ላይ ስትደርስ ግን ዕድሜዋ ይመጣል። ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ሳለች እንኳ ለቅሶዋ የትልቅ ሰው ለቅሶ ነበር። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ የሬዲዮ ድራማም እንሠራ በነበረበት ጊዜ፣ የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር አንድ ዓርብ ቀን ጠርቶ እስከ ሰኞ እንደ ልጅ ማልቀስ ካልቻለች ሌላ ሰው እንደሚያመጣ ነገራት። ባሏ «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ የቀረ ሰው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት፣ ሌላ ሙያ የላትም። ከዳይሬክተሩ ክፍል እንደወጣች በቀጥታ ወደ እኔ መጥታ ትንሿን የካሴት መቅረጫ አውሰኝ አለችኝ። ቤት ልለማመድ ነው አለች፤ ሰጠኋት።

ሰኞ ጠዋት ካሴቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ልጇ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ መቅረጫው በአጋጣሚ ክፍት እንደነበር ነገረችኝ። ከመሀል አርባ ሰከንድ ያህል ሰማሁና ለድራማው የሚበቃውን ቆርጬ ወሰድኩ። ካሴቱ ላይም በእጄ «ልጅ፤ ለቅሶ፤ ከበር ጀርባ» ብዬ ጻፍኩበት፤ ለቅሶው በእንጨት ተጣርቶ የመጣ ስለነበር ነው። ወድቃ ጉልበቷ የተላጠ ልጅ ከበር ጀርባ ምን ትሠራለች ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው «ዓይኔን ግንባር ያርገው» ይላል፤ እኔ ጆሮዬን ግንባር አደረግሁት።

ከዚያ ወዲህ ያቺ አርባ ሰከንድ ያልገባችበት የለም። በየድራማው የጠፋ ልጅ፣ የታመመ ልጅ፣ እናቱ የሞተችበት ልጅ ሁሉ የሚያለቅሰው በእሷ ነበር። ሁልጊዜ ከሌላ ድምፅ ሥር፣ በሩቁ ስለምትሰማ ማንም ልብ አላላትም። ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ስናዛውር እሷንም አዛወርኳት፤ ርዝመቷ አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ሙሉውን ግን አልሰማሁም።

የሚጢጢ ልጅ አድጋ ፋርማሲስት ሆነች። እንደ እሷ ያለ ጨዋ ሰው አላየሁም። ወንበር ቢመታት ወንበሩን ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ናት። ቤቷ ስትገቡ በሩ ሥር ጫማዎች በቁመታቸው ተሰልፈው ታያላችሁ፤ የሷም የስድስት ዓመት ልጇም ጫማ ሥራ እንደጨረሰች በየቀኑ ይታጠባል። ሚጢጢ ልጇን አመስግና አትጠግብም። «አንድ ቀን እጄን ሳላነሳባት ነው ያሳደግኋት» ትላለች። እውነት ነው፤ መትታት አታውቅም።

አምና አንድ የጃፓን ካርቱን መጣልን፤ ወጣቶቹ አኒሜ የሚሉት ዓይነት። የቴሌቪዥን ጣቢያው የፕሮግራም ኃላፊ ሥዕል መሆኑን አይቶ ከትምህርት ቤት መልስ ባለው የልጆች ሰዓት ላይ መደበው። እሱ ዘንድ ሥዕል ከሆነ የልጆች ነው፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዳይሬክተራችን ሁለት ጊዜ ጻፈችለት፤ መልስ አልሰጣትም።

ታሪኩ አሥራ አንድ ልጆች አዋቂ በሌለበት ትልቅ ቤት ውስጥ የሚኖሩበት ነው። ምግብ ቤቱ ጣሪያ ላይ አንድ ድምፅ ማጉያ አለ። በየእሑዱ ጠዋት የአንዱን ልጅ ስም ይጠራና «ይህ ልጅ የለም» ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ሌሎቹ አሥሩ ልጁ እንደሌለ ሆነው መኖር አለባቸው። የመለሰለት፣ ዳቦ ያቀበለው፣ ዓይኑን ያየው፣ የሚቀጥለው እሑድ ተራው የእሱ ነው። ደም የለም፣ ጩቤ የለም፣ ጭራቅ የለም። የሚያስጨንቀው ልጆቹ በነገሩ እየጎበዙ መሄዳቸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን በድብቅ ያለቅሱለታል። የካርቱኑ አምስተኛ ክፍል ላይ ሲደርሱ ያ ልጅ መንገዳቸው ላይ ቢቆም፣ ቀና ብለው ሳያዩ ዞረውት ያልፋሉ። እኔ በዚህ ሥራ ስንት አንገት ሲቆረጥ ያየሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የቀዳሁት ሻይ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ሚጢጢ የያዘችው የመጨረሻዋን ትንሽ ልጅ ነው። እንደ ልማዷ የራሷን ቁርጥራጭ ብቻ እያየች፣ በሚተላለፍበት ሰዓትም ሥራ ላይ ስለሆነች ሙሉውን ሳታይ፣ ስምንት ክፍል ቀረጸች። ልጅቷን ወዳታለች፤ ሳቂታ ናት፣ ነገር ታበዛለች፣ የወንድሟን ማንኪያ እየደበቀች ታስቸግራለች። የልጇ ልጅም፣ ጩጬ እያልን የምንጠራት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላ የአያቷን ድምፅ ትጠብቃለች። «ይቺ እማማ ናት!» ማለት ለጩጬ የሳምንቱ ትልቁ ደስታ ነበር።

ዘጠነኛው ክፍል ላይ ተራው የትንሿ ሆነ። ሚጢጢ መጀመሪያ የቀረጸችው ልጅቷ ነገሩን እንደ ጨዋታ ስታየው ነው፤ ወንድሟ ፊት ትጨፍራለች፣ ምላሷን ታወጣበታለች፣ ማንኪያውን ትደብቃለች። ይህን አሳምራ ሠራችው። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ለቅሶ ነው። ልጅቷ ከበር ጀርባ ሆና ታለቅሳለች፤ ሥዕሉ የሚያሳየው እሷን ሳይሆን ወንድሟን ነው። እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ይቆማል፣ አይከፍትም። ሙዚቃ የለውም። ሦስት ደቂቃ ሙሉ የሚሰማው ለቅሶ ብቻ ነው።

ዳይሬክተሯ ይህን በማይክሮፎን አስረዳቻት። ሚጢጢ ለምን እንደማይከፍትላት ጠየቀች። ከከፈተ የሚቀጥለው እሑድ እሱ ይጠራል ተባለች።

«ይሰማታል ግን?» አለች።

«አዎ፣ እየሰማት ነው።»

ሚጢጢ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ ሳያት ከንፈሯ ነጥቷል። ጉልበቴን አመመኝ ብላ ወጣች። በማግስቱ መጥታ ከአንደኛው እስከ ስምንተኛው ክፍል ያለውን ሁሉ አሳየኝ አለችኝ። ሁለት ቀን እኔ ክፍል ተቀምጣ፣ ምሳ ሳትበላ አየችው። አሥራ አንዱንም ልጆች በየስማቸው ለየቻቸው። ስትጨርስ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ይሄን የጻፈው ሰው ከበሩ ከየትኛው ወገን እንደነበረ ማወቅ እፈልጋለሁ።» ከዚያ በኋላ ታመምኩ ብላ አንድ ሳምንት ቀረች።

ሥራው ማስረከቢያው ደርሷል። ዳይሬክተሯ ከድምፅ መጋዘን የሆነ ነገር ፈልግ አለችኝ፤ እኔም የማውቀውን አወጣሁ። አርባ ሰከንድ ስለማይበቃ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አራቱንም ደቂቃ ከፍቼ ሰማሁ።

ጉልበት የተላጠበት ቦታ የለም። አንዲት ልጅ በሩን በቀስታ እየመታች ታለቅሳለች። ከበሩ ወዲህ፣ መቅረጫው ካለበት በኩል፣ ሰሐን ይታጠባል። ሰሐን የምታጥበዋ ሴት በለሆሳስ ታንጎራጉራለች። ልጅቷ ታቆምና ታዳምጣለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እንዲህ ትላለች፤ «ጫማዬን አጥቤያለሁ። እማዬ፣ አለሁ እኮ።»

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ሥዕሉ ላይ ሳስቀምጠው አንድ ቦታ እንኳ አልጎረበጠም፤ ለዚያ በር የተለቀሰ ነው የሚመስለው። የካርቱኑ ልጅ የምትጠራው ወንድሟን ስለሆነ «እማዬ» የሚለውን ቃል ብቻ ቆርጬ አወጣሁ። ዳይሬክተሯ ጫማው ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ ልጅ የሚለውን አያጣም አልኳት። ወደደችው። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ሥራው አምሮልኝ ነበር። ለጣቢያው አስረከብን።

ሰኞ ሚጢጢ ተመለሰች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ለቅሶውን ማን እንዳለቀሰው ጠየቀችኝ። ከፍቼ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ሲያልቅ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ መወልወል ጀመረች። ስትናገር እያየችኝ አልነበረም።

ያኔ፣ መቅረጫውን በወሰደች ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ስትነሳ እናቷ አላየቻትም። ቁርስ ለራሷ ብቻ አቀረበች። ልጅቷ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ሳቀች፣ ፊቷ ቆማ ጨፈረች፣ ማንኪያዋን ደበቀችባት። እኩለ ቀን ላይ ዝም አለች። ከሰዓት በኋላ ራሷ ሄዳ ጫማዋን አጠበች፤ ጫማዬ ቆሽሾ ነው ብላ፣ በዚያ የተቀጣች መስሏት ነው። የታጠበውን ጫማ ይዛ መጥታ አሳየቻት፤ እናትየው አሁንም አላየችም። ከዚያ መኝታ ክፍሉ ውስጥ አስገባቻትና በሩን ዘጋችው፤ ለምን ብትሉ መቅረጫውን ልጅቷ እንዳታይ ነው።

«ስከፍትላት አቀፈችኝ» አለች ሚጢጢ። «‹ሁለተኛ ጫማዬን አላቆሽሽም› አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? ‹ጎበዝ› አልኳት።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው። ልጅቷ የዚያን ቀን ከብብት የወደቀችው ለሥራው ሲባል ነው፤ ሥራውም ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ቆየ። እናቷ ግን እስከ አምና ድረስ ነገሩን እንደ ትንሽ ተንኮል ነበር የምታስታውሰው። ልጅ ምን ያስታውሳል ትል ነበር። ካርቱኑን ስታይ ነው አሥራ አንዱ ልጆች ሁሉ አንድ በአንድ ያስታወሷት።

ሊተላለፍ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሐሙስ ልጇና ጩጬ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። እስከ ረቡዕ ሌላ ለቅሶ ብንቀርጽ ጣቢያው እንደሚለውጥልን ደውዬ አረጋገጥኩ። ሚጢጢ ጠባቧ ክፍል ገባች። መብራቱን አበራሁላት። አለቀሰች፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም፣ አንጀቴን በላችው። ግን የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ለቅሶ ነበር። ለትንሿ ልጅ አይሆንም፤ ሁለታችንም አወቅነው። ከክፍሉ ስትወጣ «አሁን የቀረኝ መናገር ነው» አለች።

ረቡዕ ለመናገር ወደ ፋርማሲው ሄደች። ልጇ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ከባንኮኒው ወዲያ ቆማለች፤ ሰው ተሰልፏል። ሚጢጢም ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ልጇ የደም ግፊት መድኃኒቷን በወረቀት ጠቅልላ አቀበለቻትና «ይቅርታ እማዬ፣ አስጠበቅኩሽ» አለቻት። ሚጢጢ መድኃኒቷን ተቀብላ ወጣች። ከፋርማሲው ደጃፍ ሆና ደወለችልኝ።

«ነገ አብረኸኝ ና» አለችኝ። «አንተም እጅህ አለበት።»

ሐሙስ ሄድን። ጫማችንን አውልቀን ከሌሎቹ ጫማዎች ጎን ደረደርነው። ልጇ ሻይ አቀረበችልን፣ ሁለት ጊዜም ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ የታጠቡትን የጩጬን ልብሶች ቅርጫት ይዛ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ታጥፍ ጀመር። ጩጬ ምንጣፉ ላይ አሻንጉሊቶቿን በክብ ደርድራለች። አንዷን ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀምጣታለች። አያቷ ይቺስ ብላ ጠየቀቻት። «ይቺ ዛሬ የለችም» አለች ጩጬ፣ ቀና እንኳ ሳትል። ሚጢጢ የሻይ ብርጭቆዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠች፤ እኔም ነገሩን አልጀመርኩላትም። በዚህ መሀል ካርቱኑ ጀመረ።

ልጅቷ ጨፈረች፣ ማንኪያ ደበቀች። ጩጬ ሳቀች። የልጇ እጅ አንዲት ካልሲ ላይ ፈጠን ፈጠን ማለቱን አየሁ፤ ያኔ የጠረጠረች ይመስለኛል። ከዚያ በሩ መጣ።

ለቅሶው ክፍሉን ሞላው። ያን ያህል ጊዜ በሩቁ ስሰማው የነበረ ድምፅ፣ ባለቤቱ ባለችበት ቤት ሲሰማ ሌላ ነው። «ጫማዬን አጥቤያለሁ። አለሁ እኮ» ሲል የልጇ እጅ ቆመ። ካልሲዋን እንደያዘች ቴሌቪዥኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እናቷን አየች። እኔን ስታይ ነገሩ ገባት፤ ሥራዬን ታውቃለች።

«ጫማው አልነበረም?» አለች።

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። «ጫማሽ ንጹህ ነበር» አለች። «ምንም አላጠፋሽም። ለቅሶ ፈልገው ነበር፤ እኔ አልቻልኩም።»

ልጇ ካልሲዋን አጥፋ ከጥንዷ ጋር አገናኘቻት። «እማዬም ብዬ ነበር» አለች፤ «እሱ የለም።» እኔ ነኝ የቆረጥኩት አልኩ። ጩጬ ማነው የሚያለቅሰው፣ እማማ ናት ወይ ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። እናቷ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች፤ ስትመለስ ጎንበስ ብላ ግድግዳው ጋ ያለችውን አሻንጉሊት ወደ ሌሎቹ አዞረቻት። ከዚያ ሻያችን እንደቀዘቀዘ አየችና ልታሞቀው ኩሽና ገባች። ሚጢጢ እንደተቀመጠች ኩሽናው ውስጥ የሚታጠበውን ሰሐን ታዳምጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልተጣሉም። ኩርፊያ ቢሆን ሽማግሌ ይገባበት ነበር፣ እርቅ ይኖረው ነበር። ልጇ እሑድ እሑድ ትደውልላታለች፤ ስለ ደም ግፊቷ ትጠይቃታለች፣ መድኃኒቷ ሳያልቅ ትልክላታለች። ጩጬን ግን አታመጣትም። ሁልጊዜ ምክንያት አለ፣ ሁልጊዜም ይቅርታ አለ። ሚጢጢ የቀሩትን ሦስት ክፍሎች ቀርጻ ጨረሰችና ሥራውን ተወችው። መጨረሻው ላይ ትንሿ ልጅ ከቤቱ ትወጣለች፤ እሱን ስትቀርጽ አንድም አልተሳሳተችም። አሁን ስደውልላት «እናትሽን ጥሪልኝ» ብዬ እቀልዳለሁ፤ «ወጥታለች» አትልም። «እኔ ነኝ» ትላለች፣ ቀልዱም እዚያው ይቀራል።

አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። ካርቱኑ በተላለፈ በሳምንቱ፣ በምሳ ሰዓት ልጇ ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ስቱዲዮ መጣች። ሥራ አስፈታሁዎት ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሙሉውን መስማት እንደምትፈልግ ነገረችኝ፤ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። «እማዬ» የሚለውን ወደ ቦታው መልሼ የጆሮ ማዳመጫውን አቀበልኳት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፈተና ላይ እንደተቀመጠች ተማሪ ቀጥ ብላ ሰማች። እኔ ስክሪኑ ላይ የሚሄደውን መስመር አያለሁ። ለቅሶው ደከመ። ሰሐኑ ቆመ። እርምጃ ተሰማ። ከዚያ አንድ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣና መስመሩ አለቀ።

ማዳመጫውን አላወለቀችም። ሌላ ነገር ይመጣል ብላ ትጠብቃለች።

«አለቀ እኮ» አልኳት።

«በሩስ?» አለች። «በሩን ስትከፍት እኮ የለም፣ ጋሼ።»

ያቺ «ቀጭ» የመቅረጫው ቁልፍ መሆኗን ነገርኳት። መጀመሪያ ያጠፋችው መቅረጫውን ነው፤ በሩን የከፈተችው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚጢጢ ልጅ መስመሩ ያለቀበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ አየች። «እኔ ደግሞ» አለች፣ «እንደሰማችኝ ሮጣ የከፈተችልኝ ይመስለኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ የያዝኩት እሱን ነበር።»

ማዳመጫውን አውልቃ ሽቦውን በሥርዓት ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስትነሳ ወንበሩ ጠረጴዛዬን በኃይል መታው፣ የሻይ ብርጭቆዬም ወድቆ ተሰበረ። ቁልቁል አየችው። ከዚያ ዞር ብላ ሄደች፤ ይቅርታ አላለችም።